የውሃ ኤሊ ቤትዎ ከገባች፦ ገንዳዋን እንዴት ያዘጋጁላታል?



አንድ ቀን የልጅ ልጅዎ ትንሽ የፕላስቲክ ሣጥን ይዞ ይገባል። በሣጥኑ ውስጥ ሁለት ጣት የማይሞላ ውሃና አንዲት የፕላስቲክ ዘንባባ አሉ። ከዘንባባው ሥር ደግሞ ከአምስት ሼኬል ሳንቲም ብዙም የማትበልጥ አረንጓዴ ኤሊ ተቀምጣለች። «አያቴ፣ ቆንጆ አይደለችም?» ይልዎታል። በእርግጥ ቆንጆ ናት። ነገር ግን ልጁ ጠዋት ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ እናትና አባቱም ሥራ ይወጣሉ። ኤሊዋ ቤት የምትውለው ከእርስዎ ጋር ነው። ምግብ የሚሰጣት፣ ውሃው ሲሸት ቀድሞ የሚያውቀው እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ለልጆቹ ሳይሆን ለእርስዎ አዘጋጀነው።

በመጀመሪያ ምን ዓይነት እንስሳ እንደሆነች እንወቅ። በዕብራይስጥ «ጻብ ማይም» ይሏታል። በየቤቱ የምትገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከዓይኖቿ ኋላ በግራና በቀኝ ቀይ መስመር ያላት ናት። የዘሯ አገር አሜሪካ፣ የሚሲሲፒ ወንዝ አካባቢ ነው። ትንሽ ሆና አትቀርም። ሴቷ ስታድግ የጀርባዋ ርዝመት 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ የሾርባ ሰሃን በሉት። ወንዱ ያንሳል። በደንብ ከተያዘች 20 ወይም 30 ዓመት፣ ከዚያም በላይ ትኖራለች። እንግዲህ ያስቡት፦ የ9 ዓመት ልጅ ዛሬ ያመጣት ኤሊ፣ ልጁ ወታደርነቱን ጨርሶ፣ አግብቶ፣ ልጅ ወልዶም በሕይወት ልትኖር ትችላለች። ያን ጊዜ እርስዎ ስንት ዓመትዎ ነው? ይህን የምንለው ለማስፈራራት አይደለም። ግን ማን እንደሚረከባት ገንዳ ከመገዛቱ በፊት ቤተሰቡ ቁጭ ብሎ መነጋገር አለበት። «አይሆንም» ማለትም ይቻላል፣ ነውር የለውም። የሚባል ከሆነ ግን ልጁ ስም ሳያወጣላት ይባል።

ልጁ ኤሊዋን ከሜዳ አንስቶ ያመጣት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። እግሯ እንደ ዝሆን እግር ድብልብል ያለ ከሆነ የየብስ ኤሊ ናት፤ «ጻብ ያባሻ» ትባላለች። እሷን ውሃ ውስጥ ቢከቷት ሰጥማ ትሞታለች። የውሃ ኤሊ በጣቶቿ መካከል ስስ ቆዳ አላት። በዚህ አገር በዱር የሚኖሩ ኤሊዎች በሕግ የተጠበቁ ስለሆኑ ቤት ማቆየት አይፈቀድም። ልጁ ካነሳበት ቦታ ይመልሳት።

አሁን ወደ ገንዳው እንሂድ። ያቺ ዘንባባ ያለባት ሣጥን ቤት አይደለችም፤ ከሱቅ እስከ ቤት ማድረሻ ናት። እንዲያው በጥቅሉ ልኩ፣ ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር የጀርባ ርዝመት 40 ሊትር ያህል ውሃ ነው። ስለዚህ 10 ሴንቲ ሜትር ለሆነች ኤሊ 160 ሊትር፣ 20 ሴንቲ ሜትር ለሆነች ደግሞ ከ300 ሊትር በላይ ያስፈልጋል። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ገንዳ እየገዙ ከመጣል፣ ከመጀመሪያው ትልቁን መግዛት ገንዘብ ይቆጥባል። ደግሞ የግድ መስታወት መሆን የለበትም። ጠንካራና ሰፊ የፕላስቲክ ማጠራቀሚያ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ኤሊዋም አትከፋም። መስታወቱ የሚያስፈልገው ለእኛ ነው፣ እንድናያት።

ብዙ ሰው «ትሰጥማለች» ብሎ ስለሚፈራ ውሃውን ያሳንሳል። ይህ ስሕተት ነው። ጥልቀቱ ቢያንስ የኤሊዋን ርዝመት አንድ ተኩል ወይም ሁለት እጥፍ ይሁን። በጀርባዋ ብትገለበጥ እንኳ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ዞራ ትነሣለች። የምትሰጥመው ከድንጋይ ወይም ከዕቃ ሥር ተቀርቅራ አየር ለመሳብ መውጣት ሲያቅታት ነው። ስለዚህ ሊያስይዛት የሚችል ጠባብ ቦታ አይተዉ። ከውሃው እስከ ገንዳው ከንፈር ደግሞ 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ባዶ ይተዉ፤ ኤሊ ዝግተኛ ናት ቢባልም መውጣት ትችልበታለች።

ከሥር ጠጠር አያድርጉ። ትንሽ ጠጠር ትውጣለች፣ አንጀቷም ይዘጋል። ከሥሩ ባዶ የሆነ ገንዳ ለዓይን ባያምርም ለማጽዳት ይቀላል።

ገንዳው የት ይቀመጥ? አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። 160 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ከመስታወቱ ጋር 200 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ ይህን የቴሌቪዥን ጠረጴዛ አይችለውም። ጠንካራ ማስቀመጫ ያስፈልጋል፤ ውሃ ከተሞላ በኋላም ማንቀሳቀስ አይታሰብም። ማማድ ውስጥ አታስቀምጡት። አዛቃ ሲሰማ ቤተሰቡ በሙሉ የሚገባበት ክፍል ነው፤ በሩም የብረት መስኮቱም ያለ ችግር መዘጋት አለባቸው። ሚርፔሴት ላይ፣ በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ የተተወ ገንዳም ውሃው ይሞቅና ኤሊዋን ይገድላታል። ወጥ ቤትም ቦታዋ አይደለም፤ ምክንያቱን ከታች እናያለን። ሳሎን ውስጥ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘውና ከማዝጋኑ ነፋስ የራቀ ጥግ ይሻላል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ደረቁን ቦታ ነው። የውሃ ኤሊ ሙሉ በሙሉ ከውሃ ወጥታ፣ ሆዷም ጀርባዋም ደርቆ የምትሞቅበት መቀመጫ ትፈልጋለች። ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነች ቅርፊቷ ይበሰብሳል። የማይነቃነቅ ሰፊ ድንጋይ ወይም ከሱቅ የሚገዛ መቀመጫ ይበቃል፤ ከውሃው የምትወጣበት ዘንበል ያለ መንገድ ግን ይኑረው። ከመቀመጫው በላይ ሙቀት የሚሰጥ አምፖል ይሰቀላል። መቀመጫው ላይ ሙቀቱ ከ30 እስከ 35 ዲግሪ፣ ውሃው ደግሞ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው። ይህን በእጅ መገመት አይቻልም፤ ቴርሞሜትር ርካሽ ነውና ይግዙ። በክረምት ቤቱ ከቀዘቀዘ የውሃ ማሞቂያ ያስፈልጋል፤ መስታወቱን እንዳትሰብረው መከለያ ያለው ይሁን።

ከሙቀቱ አምፖል ሌላ «ዩ ቪ ቢ» የሚባል ብርሃን የሚሰጥ አምፖልም ያስፈልጋታል። እዚህ ላይ እኔም ተሳስቼ ነበር። ልጄ ኤሊ ባመጣች ጊዜ «ፀሐይ እያለ ምን አምፖል ያስፈልጋል?» ብዬ ገንዳውን መስኮት ሥር አስቀመጥኩት። የመስኮት መስታወት ሙቀቱንና ብርሃኑን ያሳልፋል እንጂ ኤሊዋ የምትፈልገውን ያንን ጨረር አያሳልፍም። ከወራት በኋላ ቅርፊቷ በጣት ሲነካ የሚለሰልስ ሆነ። ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ብዙዎቻችን ፀሐይ እያነሰን ሐኪም የቫይታሚን ዲ ጠብታ ያዘዘልን ሰዎች ነን። ኤሊዋም ያለዚያ ጨረር ቫይታሚን ዲ መሥራት አትችልም፤ ያለ ቫይታሚን ዲ ደግሞ ካልሲየሙ አጥንቷና ቅርፊቷ ውስጥ አይገባም። አምፖሉ ብርሃን እየሰጠም ጨረሩ ቀስ በቀስ ስለሚያልቅ፣ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ጊዜ መሠረት፣ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይለወጣል። የሰቀሉበትን ቀን ወረቀት ላይ ጽፈው ገንዳው ላይ ይለጥፉት።

መብራቶቹ በቀን ከ10 እስከ 12 ሰዓት ይበራሉ፣ ሌሊት ይጠፋሉ። ለዚህ ከሻዖን ሻባት የተሻለ ነገር የለም። አንዴ ካስተካከሉት በሥራ ቀንም በሰንበትም ያለ እጅ ያበራል፣ ያጠፋል። ማጣሪያው ግን ሌት ተቀን ይሠራል፤ እሱን ከሻዖኑ ጋር አያገናኙት።

ውሃና ኤሌክትሪክ ጎን ለጎን ስለሆኑ ጥቂት ነገር ልብ ይበሉ። የቤቱ ኤሌክትሪክ ሰሌዳ ላይ ፓሐት የሚባለው መከላከያ መኖሩን ባለሙያ ይይልዎት። ገመዶቹ ወደ ሶኬቱ ከመድረሳቸው በፊት ወደ ታች ወርደው እንደገና ሽቅብ ይመለሱ፤ በገመዱ የሚወርድ ውሃ ሶኬቱ ውስጥ ሳይገባ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። የሙቀቱ አምፖል ከመጋረጃ ይራቅ፣ በደንብም ይታሰር። እጅዎን ውሃው ውስጥ ከመክተትዎ በፊት ሁሉንም ከሶኬት ይንቀሉ።

ኤሊ ከዓሣ ይልቅ ውሃ ታቆሽሻለች። ስለዚህ ማጣሪያ ሲገዙ ከገንዳዎ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ውሃ ለሚይዝ ገንዳ የተሠራውን ይጠይቁ። የማጣሪያው ስፖንጅ ሲቆሽሽ በቧንቧ ውሃ አይጠቡት። ስፖንጁ ውስጥ ቆሻሻውን የሚበሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሉ፤ የቧንቧው ክሎር ይገድላቸዋል። ከገንዳው በተቀዳ ውሃ አለቅልቀው ይመልሱት። በየሳምንቱ ከውሃው ሩብ ያህሉ ይቀየር፤ አዲሱ ውሃ ላይ ክሎሩን የሚያጠፋ ጠብታ ይጨመር።

ባልዲ መሸከም ግን የእርስዎ ሥራ አይደለም። የ10 ሊትር ባልዲ 10 ኪሎ ነው፤ በእርጥብ ወለል ላይ ባልዲ ይዞ መሄድ ስንቱን ሰው ጥሎታል! ረዥም የውሃ ቱቦ ወይም ትንሽ ፓምፕ ይግዙ። ዓርብ ልጁ ከትምህርት ቤት ቀደም ብሎ ሲመለስ የሳምንቱን ውሃ እሱ ይቀይር። ቱቦውን በአፍ መሳብ ግን ለሱም ለእርስዎም ክልክል ነው።

ለምን ክልክል ሆነ? ጤናማ የምትመስል ኤሊ ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ በሰገራዋ ልታወጣ ትችላለች። እሷን አያማትም፤ ሰውን ግን ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ያመጣበታል። አሜሪካ ውስጥ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሱ ኤሊዎችን ለቤት መሸጥ በ1975 የተከለከለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ልጆች አፋቸው ውስጥ ይከቷቸው ነበር። በሽታው በጣም የሚጎዳው ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን፣ ከ65 ዓመት በላይ ያሉትን፣ እርጉዞችንና እንደ ስኳር ወይም ካንሰር ባለ በሽታ አቅማቸው የደከመ ሰዎችን ነው። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ፣ ወይም እርስዎ የካንሰር ሕክምና ላይ ከሆኑ፣ በእኛ አስተያየት ኤሊዋ ቤት ባትገባ ይሻላል።

ኤሊዋ ካለች ደግሞ፣ እሷን ወይም ውሃዋን የነካ ሁሉ ወዲያው በሳሙና ይታጠብ። መሳም የለም። ገንዳውም ሆነ ዕቃዎቹ ወጥ ቤት ገንዳ ውስጥ አይታጠቡ፤ ሰላጣ የሚታጠብበት ቦታ ነውና። የቆሸሸው ውሃ ሽንት ቤት ይደፋ። ትኩሳትና ተቅማጥ ከያዝዎት ኩፓት ሖሊም ሲሄዱ ለሐኪሙ «ቤቴ ኤሊ አለች» ብለው ይንገሩት። ካልነገሩት ላያስበው ይችላል።

ምግቧ ቀላል ነው። ለውሃ ኤሊ ተብሎ የሚሸጠው ደረቅ ምግብ መሠረቱ ይሁን። የሚሰጣት መጠን ጭንቅላቷን የሚያክል ነው፤ ለትንሿ በየቀኑ፣ ላደገችው በሁለት ቀን አንዴ። በተጨማሪ የሰላጣ ቅጠል ትብላ፣ ስታድግ ቅጠሉ ይብዛ። የደረቀ ትንሽ ሽሪምፕ ብቻዋን አታኖራትም። ዳቦና እንጀራ አይስጧት፤ ለፍቅር ብለው ቢሆንም።

ዓይኖቿ ካበጡ፣ መብላት ካቆመች፣ በአንድ ጎን ዘንበል ብላ ከተንሳፈፈች ወይም በአፍንጫዋ አረፋ ከወጣ፣ እንዲህ ያሉ እንስሳትን የሚያክም ቬተሪናር ጋ ትሂድ። የመጨረሻው ምልክት ብዙ ጊዜ የሳንባ በሽታ ነው፣ ቀጠሮ እስኪመች አይጠብቅም።

ልጁ ቢሰለቻት፣ ወይም እርስዎ ቢደክምዎት፣ «ነፃ ትውጣ» ብለው ወንዝ ወይም ፓርክ ኩሬ ውስጥ አይልቀቋት። ርኅራኄ ይመስላል፣ ግን ሕግም አይፈቅደውም። እንዲህ የተለቀቁ ቀይ መስመር ያላቸው ኤሊዎች ያርኮንን ጨምሮ በአገሩ ወንዞች ውስጥ አሉ። የዚህ አገር ተወላጅ የሆነውን የውሃ ኤሊ፣ «ጻብ ቢጾት» የሚሉትን፣ በምግብም በፀሐይ መሞቂያ ቦታም ይሻሙታል። የሚረከባት ሌላ ቤተሰብ ይፈልጉ፤ ካልተገኘ የተፈጥሮና የፓርኮች ባለሥልጣን ጋ በኮኻቪት 3639 ደውሎ ምን ማድረግ እንደሚቻል መጠየቅ ነው። ስልኩን ልጁ ራሱ ቢደውል ይሻላል፤ ዕብራይስጡም ይቀናዋል፣ ኤሊዋም የሱ ናት።