ከመልካ ዲዳ እስከ ጎዴ

ነሐሴ 13 ቀን የዓለም የሰብአዊነት ቀን ነው። ዕለቱ የተመረጠው በ1995 ዓ.ም. ባግዳድ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ላይ በተጣለው የቦምብ አደጋ ሰርጂዮ ቪዬራ ዴ ሜሎን ጨምሮ 22 ሰዎች ስለ ሞቱ ነው። በዚያችው ነሐሴ 13፣ በ1901 ዓ.ም.፣ ስዊድን ውስጥ የተወለዱ አንድ ሰው ግን ለኢትዮጵያ ሠርቶ አደር ሕዝብ የቅርብ ባለውለታ ናቸው፤ ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን።

ትውልዳቸው ከመሳፍንት ወገን ነው። አክስታቸውም የናዚው ሹም የጎሪንግ ሚስት ነበሩ። ይሁን እንጂ ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረ ጊዜ የቆሙት ከተወራሪው ጋር ነበር፤ በቀይ መስቀል አውሮፕላን መድኃኒትና ቁስለኛ ያመላልሱ ጀመር። የቀይ መስቀል ምልክት በዚያን ጊዜ ማንንም እንዳላስጣለ መልካ ዲዳ ምስክር ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በዶሎ ግንባር የሰፈረው የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በግራዚያኒ አውሮፕላኖች ተደበደበ። ተኝተው ይታከሙ የነበሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ቁስለኞች አለቁ፤ አንድ ስዊድናዊ የሕክምና ባልደረባም ሕይወቱን አጣ።

ከድል በኋላ ፎን ሮዘን ተመልሰው የኢትዮጵያን አየር ኃይል በማቋቋም ለአሥር ዓመት ያህል አገለገሉ። በቢያፍራ ጦርነት ግን የናይጄሪያን አየር ማረፊያዎች እስከ መደብደብ ደርሰዋል። ይህ የእርዳታ ሰው ተግባር አይደለምና ልንሸፋፍነው አይገባም።

ታላቁ ሥራቸው የታየው የወሎ ረሀብ ባስከተለው የእልቂት ዘመን፣ በ1966 እና በ1967 ዓ.ም. ነው። መኪና በማይደርስበት ተራራማ ስፍራ የተረሳውን ገበሬ ለማዳን የእህል ከረጢት በትንንሽ አውሮፕላኖች ክንፍ ሥር እያንጠለጠሉ፣ እጅግ ዝቅ ብለው እየበረሩ ያለ ጃንጥላ ይጥሉ ነበር። ከረጢቱን ከሜዳ ሰብስቦ ለየቤቱ የሚያዳርሰው ግን የአገሩ ሰው ነው። በየትኛውም የእርዳታ ሥራ ሾፌሩ፣ የመጋዘን ሠራተኛው፣ ነርሷና አስተርጓሚው አብዛኛውን ጊዜ የዚያው አገር ተወላጆች ናቸው። በዓለም ዙሪያ በእርዳታ ሥራ ላይ ከሚገደሉት እጅግ የሚበዙትም እነዚሁ ሲሆኑ፣ ስማቸው በዓለም ጋዜጦች የሚጠራው ከስንት አንዴ ነው። በሰኔ 2013 ዓ.ም. በትግራይ የተገደሉት ሦስት የድንበር የለሽ ሐኪሞች ባልደረቦች ሁለቱ ኢትዮጵያውያን፣ አንዷ ስፔናዊት ነበሩ።

ፎን ሮዘን ስድሳ ሰባት ዓመት ሲሞላቸውም በጡረታ አልተቀመጡም። የዚያድ ባሬ መንግሥት ኦጋዴንን በወረረበት በ1969 ዓ.ም. ክረምት ለእርዳታ ሥራ ጎዴ ነበሩ። ሐምሌ 6 ቀን በከተማይቱ ላይ ድንገተኛ ጥቃት ደረሰ። አብራሪው የተገደሉት በአየር ላይ ሳይሆን በምድር ነው።