ከረንቡላ ከሐረጎ በላይ፣ ከሐረጎ በታች

ክረምት ነው፤ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል። ደሴ ፒያሳ አቅራቢያ ከአንድ ከረንቡላ ቤት ገብቼ ጥግ ይዣለሁ። ተራው የደረሰው ጎልማሳ ጎንበስ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፈነና ኳሷን በመዳፉ ሸኛት። ኳሷ ከታለመላት ቦታ ስንዝር ሲቀራት ቆመች። የቤቱ ልጅ ቀደም ብሎ፣ «አብሽር ጋሼ፣ ጨርቁ ረጥቦ ነው» አለው። ወደ ታች አየሁ፤ ከጠረጴዛው አንደኛው እግር ሥር የታጠፈ ካርቶን ተወትፏል።

በሳምንቱ ያንኑ ሰው ኮምቦልቻ አገኘሁት። እጁም አገፋፉም ያው ነው፤ ኳሷ ግን ዒላማዋን አልፋ ከጠርዙ ላስቲክ ጋር ተላተመች።

ሁለቱን ከተሞች የሚለያቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ግን ከ2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ይዘለቃል፤ ብርዱ ይለቃል፣ ጉሙ ይቀራል። የሱፍ ጨርቅ እርጥበት ይስባል፤ የረጠበ ጨርቅ ደግሞ ኳስ ይይዛል። በዓለም አቀፍ የካራምቦል ውድድሮች ከጨርቁ ሥር ያለው የድንጋይ ንጣፍ በኤሌክትሪክ እንዲሞቅ የሚደረገው ለዚሁ ነው።

ከረንቡላ ከጣሊያኖች እንደመጣ ስሙ ይጠቁማል። የጣሊያን ጦር ደሴ የገባው ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ጣሊያኖች «ቦቼቴ» የሚሉት፣ ያለ ዱላ በእጅ የሚንከባለል የጠረጴዛ ጨዋታ አላቸው፤ መሃል ላይ 5 ትናንሽ እንጨቶች ይቆማሉ። በኳስ እንጨት መጣል ደግሞ የቦውሊንግ መሠረት ነው። የእኛ ከረንቡላ ከዚህ ጨዋታ የወረደ ከሆነ፣ ለቦውሊንግ የሩቅ ዘመድ ነው።

ከዚህ ዘመድ የምንማረው አለ። በቦውሊንግ መሣሪያ ስመ ጥር የሆነው ብሩንስዊክ እ.ኤ.አ. በ1845 በአሜሪካ ሲንሲናቲ ተመሥርቶ መጀመሪያ ዝናውን ያተረፈው በቢሊያርድ ጠረጴዛ ነበር። በዚያ ዘመን ቦውሊንግ በየከተማው የተለያየ ነበር፤ የአንዱ ከተማ ኳስ ለሌላው ይከብዳል፣ የአንዱ ደንብ ለሌላው እንግዳ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 9 ቀን 1895 ኒው ዮርክ ላይ የተቋቋመው የአሜሪካ ቦውሊንግ ኮንግረስ ይህን ወደ አንድ አመጣው። ዛሬ ከመወርወሪያው መስመር እስከ ፊተኛው ፒን (የሚጣለው እንጨት) ያለው ርቀት የትም ቢሆን 18.29 ሜትር ነው፤ ፒኑ 38 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ኳሱ ከ7.26 ኪሎ አይበልጥም። የመጀመሪያው ብሔራዊ ሻምፒዮና ቺካጎ ላይ የተካሄደው ከዚያ በኋላ፣ በ1901 ነው። የዓለም ሻምፒዮናው ደግሞ እስከ 1954 ዘግይቶ ሄልሲንኪ ላይ ተጀመረ። የወደቀ ፒን የሚያነሳውን ማሽን በ1946 ለሕዝብ ያሳየው ኤ.ኤም.ኤፍ. የተባለ ኩባንያ በ1965 በስሙ የተጠራ የዓለም ዋንጫ አቋቋመ። መለኪያው ቀደመ፣ ዋንጫው ተከተለ።

እኛ ዘንድ ጠረጴዛው ከደንቡ በፊት አርጅቷል። ጨርቁ ሲቀደድ ይጣፋል፤ ላስቲኩ ሲደክም አናጺ ይጠራል። አናጺው የቤቱን ጠረጴዛ እንጂ የጨዋታውን ልክ አያውቅም፤ ልኩን የነገረው የለምና። የተሸነፈ የጠረጴዛውን ሒሳብ ይከፍላል፤ ያሸነፈ ጀግንነቱ ከበሩ አይወጣም። አንድ ሰው ደሴ አንደኛ ሆኖ ኮምቦልቻ ጀማሪ ከመሰለ፣ የተለካው ችሎታው ነው ወይስ ጨርቁ?

ይህን ለማቃናት ሩቅ መሄድ አያሻም። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ የብረታ ብረት ፋብሪካ አላት፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም እዚያው ነው። ደሴም ኮምቦልቻም እጃቸው የተባ አናጺዎች አሏቸው። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፦ የጠረጴዛው ርዝመትና ወርድ፣ የላስቲኩ ከፍታ፣ የኳሱ ክብደት፣ የጨርቁ ዓይነት፣ የነጥቡ አቆጣጠር። ወረቀቱን ነባር ተጫዋቾችና አናጺዎች አብረው ይጻፉት፤ የከተሞቹ ስፖርት ጽሕፈት ቤቶች ማኅተም ያሳርፉበት። ጉም በሚበረታበት ወር ውድድሩ ወደ ታች ይውረድ፤ አለዚያ ጠረጴዛው ይሙቅ።

ዋንጫ ማሠራት ቀላል ነው፤ የሚቸግረው ዋንጫው የሚታመንበት ጠረጴዛ ነው። እሱ ሲገኝ ኳሷ ስንዝር ሲቀራት ብትቆም እንኳ፣ ያ ጎልማሳ የሚያየው መዳፉን እንጂ ጨርቁን አይሆንም።