በቆላ ምድር ችግኝ ብቻውን ትምህርት አይሆንም

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2027 የተባበሩት መንግሥታትን የአየር ንብረት ለውጥ ጉባኤ፣ ኮፕ 32ን፣ አዲስ አበባ ላይ እንድታስተናግድ ተመርጣለች። ተማሪዎቻችን ስለ አየር ንብረት ለውጥ ምን እየሠሩ ይማራሉ ብሎ ለመጠየቅ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ከነገሌ ቦረና እስከ ያቤሎና ሞያሌ ያሉ ልጆች ጉዳዩን ከመጽሐፍ ቀድመው ያውቁታል፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ የከብቱን እልቂት በዓይናቸው አይተዋል።

በመደበኛው ትምህርት የአካባቢ ሳይንስ አለ፤ ከክፍል ውጭ ደግሞ የአካባቢ ጥበቃ ክበብና የጓሮ አትክልት። በእነዚህ ላይ ብዙ የሚባል የለም። ሁሉን የዋጠው፣ በ2011 ዓ.ም. በአረንጓዴ አሻራ የተጀመረው የችግኝ ተከላ ነው።

ለተራቆተ ደጋ ተዳፋት ችግኝ መድኃኒት ነው። ቦረና ግን የሣር አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ግጦሽን በእሳት ማደስ ከተከለከለ ወዲህ ቁጥቋጦው ሣሩን እየዋጠው መጥቷል። ከነገሌ ወጣ ብሎ ያለው የሊበን ሜዳም በእርሻና በቁጥቋጦ ጠብቧል፤ በዚያው ልክ የሊበን ሎርክ የተባለችው ወፍ ለመጥፋት ተቃርባለች። እዚህ ዛፍ መትከልን ብቻ የተማረ ልጅ ግማሹን ነው የተማረው።

ሌላው ግማሽ፣ ማለትም ሣሩንና አየሩን መመልከትና መለካት፣ ርካሽ ነው። ቦረናዎች ለጥጃና ለደካማ ከብት በአጥር የሚከልሉት ግጦሽ፣ ካሎ፣ የተዘጋጀ ቤተ ሙከራ ነው። ተማሪዎች አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የሽቦ ክፈፍ ከአጥሩ ውስጥና ውጭ መሬት ላይ ጥለው የሣሩን ዓይነት ይቆጥራሉ። አናቱ ተቆርጦ የተገለበጠበት የፕላስቲክ ውኃ ጠርሙስ ደግሞ የዝናብ መለኪያ ይወጣዋል፤ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በካሬ ሜትር አንድ ሊትር ውኃ መሆኑን ልጆቹ ራሳቸው አስልተው ይደርሱበታል።

እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ የያቤሎው የቁጥቋጦ ቁራ ነው። በዓለም ላይ የሚገኘው በዚያ አካባቢ ብቻ ሲሆን፣ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ወሰኑን ያሰመረለት ሙቀት ነው። ሲሞቀው አፉን ከፍቶ ያለከልካል። ቴርሞ ሜትርና ደብተር የያዘ ተማሪ በስንት ዲግሪ ማለክለክ እንደሚጀምር መመዝገብ ይችላል።

የአንድ ዓመት መዝገብ ግን ስለ አየር ጠባይ እንጂ ስለ አየር ንብረት አይናገርም፤ ለዚያ የተለመደው መለኪያ የ30 ዓመት አማካይ ነው። ስለዚህ ደብተሩ የክበቡ ተጠሪ መምህር ሲዛወር አብሮ እንዳይጠፋ፣ እንደ ተማሪዎች ውጤት ሁሉ በትምህርት ቤቱ ሪከርድ ክፍል ይቀመጥ።