ጌሙ ያልለወጠው ብርጭቆ

በረመዳን ምሽት ትልልቆቹ ለተራዊሕ ሲወጡ፣ በየቤቱ የሚቀሩ ልጆች ስልክ ላይ ጌም ይጫወታሉ። ወላጅም «ይህ ምን ይጠቅማችኋል?» ማለቱ አይቀርም። ልጆችን ከስኳር በሽታ ለመጠበቅ ተብሎ የተሠራ ጌም ግን አለ።

ስሙ «ኤስኬፕ ፍሮም ዲያብ» ሲሆን፣ «ከዲያብ ማምለጥ» እንደማለት ነው። በአሜሪካ ሂዩስተን ከተማ የቤይለር የሕክምና ኮሌጅ ተመራማሪዎችና አርኪሜጅ የተባለ ድርጅት በጋራ አዘጋጅተውታል። ዲጄይ የተባለ ልጅ ዲያብ ወደምትባል አስፈሪ ዓለም ይወድቃል። ንጉሧ ኢቲስ ይባላል፤ ሁለቱ ስሞች ሲገጣጠሙ የስኳር በሽታን የእንግሊዝኛ መጠሪያ ይሰጣሉ። ዲጄይ ከጓደኞቹ ጋር ለማምለጥ ጤናማ ምግብ መብላትና ሰውነቱን ማጠንከር ይኖርበታል።

ጌሙ ዘጠኝ ክፍሎች አሉት። ልጁ እያንዳንዱን ክፍል ሲጨርስ በኑሮው የሚፈጽመውን ግብ ይመርጣል፤ ተመልሶ ሲመጣ ማሳካት አለማሳካቱን ይጠየቃል። ከተራ ምክር የሚለየውም ይህ ነው።

ታዲያ ሠርቷል? እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት ከ10 እስከ 12 ዓመት የሆኑ ልጆችን ተመልክቷል። ይህንንና «ናኖስዋርም» የተሰኘውን ሌላ ጌም የተጫወቱት ልጆች፣ የሚመገቡት አትክልትና ፍራፍሬ በቀን የአንድ ድርሻ ሁለት ሦስተኛ ያህል ጨምሯል። የሚጠጡት ውኃና የሰውነት እንቅስቃሴያቸው ግን አልተለወጠም።

የቀረው የቤተሰብ ሥራ ነው። በኢፍጣር ማዕድ ላይ የሚቀርበውን ለስላሳ እንመልከት። 330 ሚሊ ሊትር የኮላ መጠጥ 35 ግራም ገደማ ስኳር አለው፤ ይህም ወደ 9 የሻይ ማንኪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው እንኳ በቀን ከ25 ግራም ገደማ ባይበልጥ የተሻለ እንደሆነ ይመክራል። በተምር፣ ከሌለም በውኃ ማፍጠር ሱና መሆኑን ልጆቻችን ያውቃሉ። ብርጭቆውን በውኃ መሙላት ለእነሱ እንግዳ ነገር አይሆንም።

የጌሙን ዘዴ ያለ ስልክም መጠቀም ይቻላል። ልጁ አንድ ግብ ራሱ ይምረጥ፦ ዛሬ በለስላሳ ፈንታ ውኃ፣ ከሳንቡሳው በፊት ሾርባ፣ ወይም ከአባቱ ጋር በእግር እስከ መስጊድ። በማግስቱ ኢፍጣር ላይ «እንዴት ሆነልህ?» ይባል። ካልሆነለትም እንደ ጌሙ እንደገና ይሞክራል እንጂ አይቆጡት።

ይህ ሁሉ በአመጋገብና በእንቅስቃሴ ሊከላከሉት የሚቻለውን ሁለተኛውን ዓይነት የስኳር በሽታ ይመለከታል። አንደኛው ዓይነት ጣፋጭ በመብላት የሚመጣ አይደለምና፣ የታመመ ልጅም ሆነ ወላጁ ሊወቀሱ አይገባም። ስኳር ያለበት ሰው ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ መድኃኒቱንም በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ። ሃይማኖታችን ለታመመ ሰው ፈቃድ ሰጥቷል።