«ዳይሬክት አድርገው» እና የምታስከፍለን ዋጋ

አንጋጫ ላይ ቆሞ ስለ ውሃ ማጣሪያ ማሽን ማውራት መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ሀምበሪቾ ተራራ እዚያው አጠገብ ነው። በደጋው ምንጭ ያደገ የከምባታ ሰው «ሪቨርስ ኦስሞሲስ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» ቢል አይፈረድበትም።

ጥያቄው ግን መልስ አለው፤ ያውም ሁለት።

አንደኛው ከደጋው ወደ ስምጥ ሸለቆ ሲወረድ የሚገኘው ነው። በሀላባ፣ በዝዋይ፣ በወንጂ አካባቢ ብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ይሰጣሉ። ጥርስ ያበልዛል፤ ሲበረታም አጥንት ያጎብጣል። ውሃውን ማፍላት ምንም አይጠቅም፤ እንዲያውም ውሃው እየተነነ ፍሎራይዱ ይብስበታል። ሜምብሬኑ ጤነኛ የሆነ ሪቨርስ ኦስሞሲስ ግን አብዛኛውን ፍሎራይድ ያስቀራል።

ሁለተኛው የኩላሊት እጥበት ነው። ከአንጋጫ ታሞ ወደ ትልቅ ከተማ የሚሄድ ሰው ሕይወቱ የተንጠለጠለው በሐኪሙ ላይ ብቻ አይደለም፤ ከጀርባ ባለች የውሃ ክፍልም ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚፈቅደው የፍሎራይድ መጠን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ለኩላሊት እጥበት ውሃ ግን ዓለም አቀፉ መስፈርት 0.2 ብቻ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እኛ በቀን ሁለት ሊትር ያህል ብንጠጣ ነው፤ ታካሚው ግን በአንድ የ4 ሰዓት እጥበት 120 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደሙ ጎን ያልፋል፣ በመሃል ያለችው ስስ ማጣሪያ ብቻ ናት። ይህም ብዙ ጊዜ በሳምንት 3 ቀን ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚሸከመው ማሽን ውስጥ፣ ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማትበልጥ ዕቃ አለች፦ ፕሬዠር ስዊች። ሥራዋ ቀላል ነው። ውስጧ ስስ ጎማ፣ ስፕሪንግና የኤሌክትሪክ መገናኛ አለ። ውሃው ጎማውን ሲገፋ ስፕሪንጉ ይጨመቃል፣ መገናኛው ይከፈታል ወይም ይዘጋል። በቃ።

አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ናቸው። ሎው ፕሬዠር ስዊች ከፓምፑ በፊት ትቀመጣለች፤ የሚገባው ውሃ ሲያጥር ፓምፑን ታጠፋለች፣ ደርቆ ዞሮ እንዳይቃጠል። ሃይ ፕሬዠር ስዊች ከፓምፑ በኋላ ናት። በትልልቅ ማሽን ላይ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ሜምብሬኑንና ቧንቧውን ታድናለች። በቤት ውስጥ ማጣሪያ ላይ ደግሞ ታንከሩ ሲሞላ ፓምፑን ታስቆማለች፤ ብዙዎቹ የሚያጠፉት 2.8 ባር አካባቢ ላይ ነው።

አሁን ወደ በሽታው እንምጣ። ማሽኑ ቆመ። ባለሙያ ተጠራ። ቴስተሩን አወጣ፣ ስዊቿ መስመር እንደቆረጠች አየ፣ «ዕቃው የለም፣ ለጊዜው ዳይሬክት ላድርገው» አለ። ሁለቱን ሽቦ አገናኘ፤ ማሽኑ ተነሳ፤ ሁሉም አመሰገነ። «ለጊዜው» የተባለው ግን ሁለት ዓመት ይቆያል። ከዚያ አንድ ሌሊት ውሃ ይጠፋል፣ ፓምፑ በባዶው ሲዞር ያድራል፣ ጠዋት የሚገኘው የተቃጠለ ሽታ ነው። የተገናኘችው ሃይ ፕሬዠር ስዊች ከሆነች ደግሞ ይብሳል፦ ግፊቱ ሜምብሬኑን ሊጎዳ፣ ማሸጊያ ጎማው ሊያሾልክና ያልተጣራ ውሃ ከተጣራው ጋር ሊቀላቀል ይችላል። ማሽኑ ይሠራል፣ ውሃውም ይወርዳል፤ ውሃው ግን ያ ውሃ አይደለም።

የሚያሳዝነው፣ ብዙ ጊዜ ስዊቿ አልተበላሸችም። ፓምፑን ያቆመችው ሥራዋን ስለሠራች ነው። ሴዲመንት ፊልተሩ በጭቃ ተደፍኗል፣ ወይም ሮቶው ባዶ ነው፣ ወይም አንድ ሰው ቫልቭ ዘግቶ ረስቷል። ስለዚህ ስዊቿን ከመንካት በፊት ጌጁን ማየት ነው። ከፊልተሩ በፊትና በኋላ ያለው ግፊት በጣም ከተራራቀ ጥፋቱ የፊልተሩ ነው።

ፓምፑ በየደቂቃው እየበራ የሚጠፋ ከሆነም ወዲያው ስፕሪንጉን ማጥበቅ መፍትሔ አይሆንም። የቤት ማጣሪያ ከሆነ ታንከሩ ባዶ ሳለ የአየር ግፊቱ ይለካ፤ 0.5 ባር ያህል መሆን አለበት። አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ቫልቭም አሾልኮ ሊሆን ይችላል። ይህ መብራት መጥፋትና መምጣት የለመደው አገራችን ላይ ሲደረብ መገናኛውን በፍጥነት ያከስለዋል። የከሰለ መገናኛ በብርጭቆ ወረቀት አይፋቅም፤ ስዊቿ ትቀየራለች።

ጥገናው ራሱ ከባድ አይደለም። በወር አንድ ቀን፣ ታካሚ በሌለበት ሰዓት፣ የመግቢያውን ቫልቭ ቀስ እያደረጉ መዝጋትና ጌጁን እያዩ ስዊቿ በስንት ባር እንዳጠፋች መመዝገብ። ቁጥሩ አምራቹ ከጻፈው ወይም ካለፈው ወር ከራቀ ምክንያቱን መፈለግ። ክዳኗን ከመክፈት በፊት ብሬከሩን ማውረድ፣ ግፊቱንም ማስተንፈስ። ውሃ የሚገባባትን ቀዳዳ ከዝቃጭ ማጽዳት። የማስተካከያ ብሎኑ ላይ በቀለም ምልክት ማድረግ፣ ማንም ነካክቶት እንደሆነ በዓይን እንዲታይ። አንድ መለዋወጫ ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ። ማንም ሳያውቅ ዳይሬክት እንዳይደረግ ደግሞ በመዝገቡ ላይ ፊርማ ማስፈለግ።

ይህ ማካበድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ቺካጎ በአንድ የኩላሊት እጥበት ማዕከል፣ አቅሙ ያለቀ የውሃ ማጣሪያ ታንክ ያጠራቀመውን ፍሎራይድ መልሶ ለቀቀ፤ 3 ታካሚዎች ሞቱ። ጥፋቱ የፕሬዠር ስዊች አልነበረም። ጠባዩ ግን አንድ ነው፦ ውሃው ይወርድ ነበር፤ ዓይቶ «ትክክል አይደለም» የሚል ግን በጊዜው አልተገኘም። ገንዘብና ዕውቀት በሞላበት ከተማ ይህ ከሆነ፣ እኛ ዘንድ ጥንቃቄው ዕጥፍ መሆን አለበት።

እኛ ማሽን ሲመጣ ሪባን እንቆርጣለን፤ ለጥገና በጀት ስንይዝ ግን እጃችን ያጥራል። በአንጋጫም ሆነ በሆሳዕናና በዱራሜ ኤሌክትሪክና ቧንቧ የተማሩ ወጣቶች አሉ። ጌጅ ማንበብ፣ ስዊች መፈተሽና መዝገብ መያዝ የሳምንት ሥልጠና ነው። ማሽን የሚገዛ ወይም የሚለግስ ሁሉ ከውሉ ውስጥ ይህንን ሥልጠናና የመለዋወጫውን ሳጥን ቢያስገባ፣ የስዊቿ ዋጋ ከፓምፑና ከሜምብሬኑ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። ማሽን ያለው ሁሉ ዛሬ ክዳኑን ከፍቶ አንዲት ነገር ይይ፦ ሁለቱ ሽቦዎች በስዊቿ በኩል ያልፋሉ ወይስ አንድ ላይ ተጠምዝዘዋል?