ለተጎዳ ሕፃን የሚከፈል ካሳ እንዴት ይሰላል?

በሌላ ሰው ቸልተኝነት ከባድ የአካል ጉዳት ለደረሰበት ሕፃን የሚከፈለው ካሳ የሚሰላው በአብዛኛው ገና ላልመጡ ዓመታት ነው። እስካሁን የወጣው የሕክምና ወጪ በደረሰኝ ይረጋገጣል፤ እምብዛም አያከራክርም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2091 ካሳው ከጉዳቱ ጋር እኩል እንዲሆን ያዛል፤ በአንቀጽ 2092 ደግሞ ወደፊት መድረሱ የተረጋገጠ ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ ይካሳል። ስለዚህ ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና፣ ልጁ ባደገ ቁጥር የሚቀየር ሰው ሠራሽ እግር፣ የአስታማሚ ክፍያ ሁሉ ይቆጠራሉ።

ከባዱ የገቢ ጥያቄ ነው። አዋቂ ተጎጂ የደመወዝ ማስረጃ ያቀርባል፤ የአምስት ዓመት ልጅ ግን ሐኪም ይሆን ነጋዴ ማን ያውቃል? ሐኪሞች የመሥራት አቅሙ በስንት በመቶ እንደቀነሰ ይገልጻሉ። የጉዳቱን ልክ በትክክል ማስላት ሲያቅት ዳኛው በአንቀጽ 2102 መሠረት በርትዕ ይቆርጣል፤ ተመሳሳይ ጉዳት በሁለት ችሎቶች የተለያየ ገንዘብ ቢያስገኝ አያስደንቅም።

የሕሊና ጉዳት ካሳ ጣሪያ አለው፤ አንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር አያሳልፍም። ሕጉ ሲወጣ ይህ ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ለዕድሜ ልክ ስቃይ ይህን ቁጥር መጥራት ያሳፍራል።

ዳኛው ካሳው በየጊዜው እንዲከፈል ማዘዝም ይችላል፤ ያኔ ከፋዩ ዋስትና ያቀርባል። ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ካልሆነ በቀር ክሱ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።