የመስክ ፎቶግራፍን አይቶ አስተያየት መስጠት፦ ከምዕራብ ሸዋ ከተሞች አንጻር

ስልክ ሁሉ ካሜራ ከሆነ ወዲህ ፎቶግራፍ የሌለበት የመስክ ጥናት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። አንዱ ተመራማሪ በጉደር ወንዝ ተፋሰስ የተሸረሸረ መሬትን፣ ሌላው በጊንጪ ገበያ ጤፍ የሚሸጡ እናቶችን፣ ሦስተኛው በባኮ አካባቢ የበቆሎ ማሳን አንሥቶ በጽሑፉ ያካትታል። ጽሑፉ ለግምገማ ሲቀርብ ግን ሠንጠረዡና የናሙና አወሳሰዱ በብርቱ ይፈተሹና ፎቶግራፉ «ጥሩ ነው» ወይም «ጥራት ይጎድለዋል» ተብሎ ይታለፋል። ከሁለቱም ቃላት አንሺው የሚማረው ነገር የለም። ፎቶግራፍ እንደ ማንኛውም መረጃ ሊሳሳት፣ ሊያሳስትም ይችላል፤ ከሠንጠረዥ የሚለየው ደግሞ በውስጡ መልኩ የሚታወቅ ሰው መኖሩ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የባልደረባን ፎቶግራፍ አይቶ ጠቃሚ አስተያየት መስጠት ምን እንደሚጠይቅ ከአምቦና ከአካባቢዋ ከተሞች ሁኔታ አንጻር ማብራራት ነው።

አስተያየት ሁሉ ይጠቅማል የሚለው እምነት በጥናት አልተደገፈም። አቭራሃም ክሉገርና አንጄሎ ዴኒሲ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ሜታ አናሊሲስ 607 የውጤት መጠኖችን መርምረው፣ አስተያየት በአማካይ የሥራ አፈጻጸምን ቢያሻሽልም ከሲሶ በሚበልጡት ላይ አፈጻጸሙን ዝቅ እንዳደረገ አሳይተዋል። ያቀረቡት ማብራሪያ የተቀባዩ ትኩረት ከሥራው ወደ ራሱ ማንነት በዞረ ቁጥር ጥቅሙ ይቀንሳል የሚል ነው። በዚህ ሚዛን «ዓይን አለህ» የሚለው ሙገሳና «አንተ ፎቶግራፍ ማንሣት አትችልም» የሚለው ነቀፋ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሁለቱም ስለ ሰውየው እንጂ ስለ ሥዕሉ አይናገሩም።

ስለ ሥዕሉ ለመናገር የመጀመሪያው ተግባር የሚታየውን መዘርዘር ነው። የፎቶግራፍ ሂስን ለተማሪዎች ያስተማረው ቴሪ ባሬት ገለጻን ከትርጓሜና ከምዘና ለይቶ ያስቀምጣል። ነገሩ ቀላል ቢመስልም ጥቅሙ ትልቅ ነው። አንሺው ከክፈፉ ውጭ የነበረውን ሁሉ ያውቃል፤ የገበያውን ጫጫታ ሰምቷል፣ ከሴትየዋ ጋር ተነጋግሯል፣ ከጀርባዋ ያለው ቤት የማን እንደሆነ ተረድቷል። ተመልካቹ ግን ያለው ሥዕሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ባልደረባው «ነጠላ የለበሰች ሴት አያለሁ፤ ወደ ካሜራው አትመለከትም፤ የምትሸጠው ምን እንደሆነ አይታየኝም» ሲል፣ አንሺው በሐሳቡ የያዘው ሥዕልና በወረቀት ላይ የወጣው ሥዕል ምን ያህል እንደሚራራቁ ይገነዘባል። «አይታየኝም» የሚለው ቃል ለአንሺው ከማንኛውም የውበት ፍርድ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ይህችኑ በነጠላ የተሸፈነች የገበያ ሴት በምሳሌነት ይዘን እንቀጥል። አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የእኩለ ቀን ፀሐይዋ ብርቱ ነው። የካሜራ የብርሃን መለኪያ የሚያየው ትዕይንት በአማካይ 18 በመቶ ያህል ብርሃን እንደሚያንጸባርቅ ግራጫ ነገር አድርጎ ይገምታል። ክፈፉን ነጭ ነጠላ ከሞላው ካሜራው «ብርሃኑ በዝቷል» ብሎ ሥዕሉን ያጨልመዋል፤ ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ፊቷም በጥላ ይዋጣል። በተቃራኒው ሴትየዋ በጨለማ የቤት በር ላይ ከቆመች ካሜራው ሥዕሉን አለመጠን ያፈካዋል። «ፊቷ ጠቁሯል» የሚል አስተያየት ትክክል ቢሆንም ጎዶሎ ነው። የተሟላው አስተያየት ምክንያቱንና መፍትሔውን ይጨምራል፦ ብርሃኑን ከነጠላው ሳይሆን ከፊቷ ላይ መለካት፣ የብርሃን ማስተካከያውን ወደ መደመር ማዞር፣ ወይም ፈቃዷ ከሆነ ወደ ቤቱ ክፈፍ ጥላ እንድትጠጋ መጠየቅ። ይህን የሰማ ተመራማሪ በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያ የሚያደርገውን ያውቃል።

በዚህ ረገድ ታሪክም አለ። ሎርና ሮት እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት እንዳሳየችው፣ የኮዳክ የቀለም ፊልም ኅትመት ለብዙ ዓመታት ይስተካከል የነበረው «ሸርሊ ካርድ» በተባለ የነጭ ሴት ሥዕል መነሻነት ነበር። ጥቁር ፊት ዝርዝሩን አጥቶ ሲወጣ ጥፋቱ የፊቱ ሳይሆን የመለኪያው ነበር ማለት ነው። ዛሬም በየከተማው ፎቶ ቤት ፊትን ማንጣት እንደ አንድ አገልግሎት ይታያል። ለሠርግ አልበም ባለቤቶቹ ከመረጡት ማንም ሊከለክላቸው አይገባም፤ በጥናት ጽሑፍ ውስጥ ግን የመረጃ ለውጥ ነውና አስተያየት ሰጪው «ይህ ቀለም ተነካክቷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

የመሬት ገጽታ ፎቶግራፎች የሚጠይቁት ያነሰ ነው፤ መጠን የሚያሳይ ነገር፣ አቅጣጫ፣ ቀን፣ እንዲሁም አንሺው የቆመበት ቦታ። የመጨረሻው በተለይ ችላ ይባላል። ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1868 ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ከመጣው የእንግሊዝ ጦር ጋር በነበሩ አንሺዎች የተነሡ ሥዕሎችን ይዘው፣ ከ140 ዓመት በኋላ በሰሜን ኢትዮጵያ በዚያው ቦታ ቆመው እንደገና በማንሣት የዕፅዋት ሽፋኑ በብዙ ቦታ መሻሻሉን አሳይተዋል። ሥራው የተቻለው የቀድሞዎቹ አንሺዎች የቆሙበት ሊገኝ ስለቻለ ነው። የጉደርን ሸለቆ ዛሬ ያነሣ ተማሪ የቆመበትን ካልመዘገበ የሚመጣውን ተመራማሪ ይህን ዕድል ይነፍገዋል።

ከሥዕሉ ሥር ያለው ጽሑፍ የአስተያየቱ አካል ነው፤ እንዲያውም የአካባቢው ልጅ የሆነ ባልደረባ ከማንም በላይ የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። አንዲት የኦሮሞ እናት በትር ይዛ የምትታይበት ሥዕል «ምርኩዝ የያዙ አሮጊት» ተብሎ ቢቀርብ ሥዕሉ እንከን ባይኖረውም ገለጻው ሐሰት ሊሆን ይችላል። የያዙት ሲንቄ ከሆነ፣ በጋብቻ የሚቀበሉት የባለትዳር ሴት የክብርና የመብት ምልክት እንጂ መደገፊያ አይደለም። የቦታ ስምም እንዲሁ ነው። አምቦ ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል ስለነበር፣ በዚያ ስም የተመዘገበ የቆየ ሥዕል «አምቦ» ብሎ ለሚፈልግ አይገኝም፤ ሁለቱንም ስሞች መጻፍ የአንድ መስመር ሥራ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ከብርሃንም ከስምም ይከብዳል። በኅዳር 2008 ዓ.ም. በጊንጪ የተጀመረው ተቃውሞ ወደ ሌሎች የኦሮሚያ ከተሞች ሲዛመት የሰልፍ ሥዕሎች በብዛት ተሰራጭተዋል። በእንዲህ ያለ ሥዕል ላይ ጥርት ብሎ የወጣ ፊት ለአንሺው የጥራት ማረጋገጫ ነው፤ ለባለ ፊቱ ግን ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት ይችላል። ስለዚህ ስለ ግጭት፣ ስለ መፈናቀል ወይም ስለ ሕመም በሚያጠና ጽሑፍ ላይ የባልደረባ የመጀመሪያ ጥያቄ «ፈቃድ ሰጥተዋል ወይ?» ብቻ ሊሆን አይገባም፤ «ሲፈቅዱ ሥዕሉ የት እንደሚወጣ ያውቁ ነበር ወይ?» የሚለውም ይከተላል። ኀዘንም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. 157 ሰዎችን ይዞ በቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው አውሮፕላን ስፍራ ሙሉጌታ አየነ ያነሣው፣ አንዲት ኀዘንተኛ አፈር በፊቷ ላይ ስትበትን የሚያሳየው ሥዕል በዓለም አቀፉ የወርልድ ፕሬስ ፎቶ ውድድር ዕውቅና አግኝቷል። ስለዚህ ሥዕል ቅንብር መናገር ይቻላል፤ አፈር መበተን በኀዘንተኛዋ ባህል ምን ማለት እንደሆነ ሳይናገሩ ስለ ቅንብሩ ብቻ ማውራት ግን፣ በእኔ አመለካከት፣ ሥዕሉን አለማየት ነው።

አስተያየቱ የሚቀርብበት ሥርዓትም ውጤቱን ይወስናል። በእኛ ዘንድ ይሉኝታ አለ፤ አማካሪው አስቀድመው ከተናገሩ ተማሪዎቹ ያንኑ ይደግማሉ። ስለሆነም ታናሾች ቀድመው የታያቸውን ቢገልጹ፣ አማካሪው መጨረሻ ላይ ቢናገሩ ይሻላል። የዳንስ ባለሙያዋ ሊዝ ለርማን የቀረጸችው ዘዴ አንሺው ራሱ መጀመሪያ እንዲጠይቅ፣ የግል አስተያየትም በፈቃዱ ብቻ እንዲሰጥ ያደርጋል። ለአገራችን ሙሉ በሙሉ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ያቃናለታል፤ የሚቃናው ቤቱ እንጂ ተማሪው አይደለም። በፎቶግራፍ ሙያም አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት አንሺዎች የሥራ ስብስባቸውን ለባለሙያዎች የሚያስገመግሙበትን መድረክ ከፍቷል።

አስተያየት ሰጪው አንድ ሥዕል እንዳይታተም ከመከረ ምክሩ ፋይሉንም መጨመር አለበት። ፊትን ማደብዘዝ ወይም መቁረጥ በታተመው ቅጂ ላይ ብቻ ይሠራል፤ ዋናው ፋይል ስልኩ ውስጥ ሳይነካ ይቀራል። የስልኩ የቦታ መጠቆሚያ በርቶ ከነበረ ደግሞ ሥዕሉ የተነሣበት ሰዓትና የቦታው መጋጠሚያ በፋይሉ ውስጥ ተመዝግቧል። ጽሑፉን በኮምፒውተር ፋይል ለቤተ መጻሕፍት ከማስረከብ በፊት ይህ መረጃ መውጣቱን፣ ዋናው ፋይልም በይለፍ ቃል መቀመጡን ባልደረባው አንሺውን በግልጽ ይጠይቀው።